ያልተሰቀለው ኮት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አለቃዬ ፍራው ኬለር የኮት ቁጥሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ስትቆጥር አንድ ጎደለባት። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር ያለው አዳራሻችን ከእንግዲህ ኮት ተቀባይ አያስፈልገውም ተብሎ የብረት ሣጥን ገብቶለታል። ሰው ኮቱን ራሱ ከትቶ፣ ራሱ ቆልፎ ይገባል። ስለዚህ እኔም ወጣሁ፣ ቁጥሮቹም ወጡ። ቁጥር የምላችሁ ክብ እንጨት ነው። አንዱ መስቀያው ላይ ይንጠለጠላል፣ መንታው ለባለ ኮቱ ይሰጣል።

«ኸር ምትኩ፣ የአርባ አንድ መንታ የት ሄደ?» አለችኝ፤ ኸር በእነሱ አቶ ማለት ነው።

«ረጅም ነገር ነው።»

«አሳጥረው።»

ነገሩ አጥሮ አያልቅም። በእኔ ጀርመንኛ ደግሞ ቢረዝምም አይነገርም። ለእሷ በአጭሩ መለስኩላትና ሌላውን በአማርኛ ልጽፈው ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ለእሷ ያልኳትን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። እጄ ከእስክርቢቶ ጋር የተዋወቀው በቅርብ ስለሆነ አጣምሜ ብጽፍ አትፍረዱብኝ። እንዴት እንደተዋወቁም ከዚሁ ከአርባ አንድ ጋር የተያያዘ ነው።

በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበርኩ። ከባድ መኪና ጥገና ተማር ብለው ኦዴሳ ሰደዱኝ። ፊደል የማያውቅ ሰው ለትምህርት እንዴት እንደተላከ አትጠይቁኝ፤ ዝርዝሩ ላይ ስም ጎድሎ ነበር፣ የእኔ ስም ሞላው። ሌሎቹ ደብተር ይዘው ክፍል ሲገቡ እኔ ጆሮዬን ይዤ ገባሁ። ሞተር በጆሮ ነው የሚታወቀው፣ ቋንቋም ያው ነው። ፈተናውን አንድ የሐረር ልጅ ጻፈልኝ፣ እኔ የእሱን ካርቡሬተር ፈታሁለት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቼ ስመለስ ሩሲያኛ እንደ ጋራዥ ሰው አቀላጥፌ እናገር ነበር፤ ማለትም ግማሹ ስድብ ነው።

ሠራዊቱ ሲበተን ተሰደድኩ። ዙሪክ እንደገባሁ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር አንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ የሆቴል አንሶላ ስገፋ ከረምኩ። ከእንፋሎቱ የተነሣ ሳል ያዘኝ። ሥራ አፈላላጊው ቢሮ ያለችው ሴትዮ አዝናልኝ ወደ አዳራሹ ላከችኝ። ደመወዙ ያንሳል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ቅጽ መሙላት የለበትም። ለእኔ ትልቁ ነገር የመጨረሻው ነበር።

ኮት መቀበልን ሰው ቀላል ሥራ ያደርገዋል። እስቲ በበረዶ ቀን ሁለት መቶ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ተቀበሉ! እርጥቡን ከደረቁ መለየት አለ። ከባዱን ሁሉ በአንድ ወገን ከሰቀላችሁት መስቀያው ይጋደላል። ማንጠልጠያው የተበጠሰውን ኮት በአንገቱ መስቀል ነውር ነው፤ በትከሻው ነው የሚሰቀል። ኪስ አይነካም። ከሁሉም በላይ ግን የሰውን ፊት አትመለከቱም፣ ኮቱን ትመለከታላችሁ። ፊት ሊዋሽ ይችላል፤ የእጅጌ ጫፍ ግን መች ይዋሻል? ሥራ የፈታውን፣ ሚስቱ የሄደችበትን፣ አዲስ የተሾመውን በእጅጌው ነው የማውቀው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ስመካ ነው ያ ነገር የመጣብኝ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ብርድ ወራት ሩሲያውያን ስደተኞች አዳራሹን ተከራዩ። እኔ አኮርዲዮንና ዳንስ ጠበቅኩ። የመጣው አንድ አጭር መላጣ ሽማግሌ ነው፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ያረጀ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሎ። ሌቭ ዳኒሎቪች ይባላሉ። መድረኩ ላይ ምንም ዕቃ የለም፣ ማይክ ብቻ። ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማንበብ ጀመሩ። በቃ። አዳራሹ ግን ተናወጠ። እኔ ከግድግዳው ማዶ ኮቶቹ መካከል ሆኜ እሰማለሁ። ሳቁ እንደ ሞተር ነው፤ መጀመሪያ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ይይዛል።

ሁሉም ኮቱን ወስዶ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው ወደ ባንኮኒዬ መጡና በተሰባበረ ጀርመንኛ «ሰዎቹ ምን እያሉ ሄዱ?» አሉኝ።

በሩሲያኛ መለስኩላቸው። «አንዷ ለባሏ፣ ጥሩ ነው ግን ድሮ ይሻል ነበር አለችው።»

ደነገጡ። ቦርሳቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«አንተ ከየት የመጣህ ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ቋንቋችንን የት ተማርክ?»

«ኦዴሳ፣ ጋራዥ ውስጥ።»

«እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት! አንድ ነገር ተናገር እስቲ።»

ስድብ ተናገርኩ። ባንኮኒውን ይዘው ሳቁ። አብረን በቆየንበት ዘመን ሁሉ ሲስቁ ያየሁት ያንን ቀን ብቻ ነው፤ መድረክ ላይማ ጥርሳቸው አይታይም።

«ድሮ ይሻል ነበር ያሉት እኔን ብቻ አይደለም» አሉኝ ቆይተው። «የተልባ ቃጫ ጢም ከለጠፈው ሽማግሌ ጀምሮ ሲሉ ኖረዋል።»

የዚያን የባለ ጢሙን ሽማግሌ ነገር ያን ጊዜ ሰማሁ። በሩሲያ በድሮ ዘመን የገበያ በዓል ሲሆን የጨዋታ ድንኳን ይተከላል። በድንኳኑ በረንዳ ላይ አንድ ሰው ከተልባ ቃጫ ጢም ለጥፎ ይቆማል። ሥራው ሰው መጥራት ነው። ግን ዝም ብሎ ኑ አይልም፤ በራሱ ሚስት ያፌዝ ነበር፣ በራሱ ቤት፣ ተቀዶ በተጣፈ ካፖርቱ። ሰው ሁሉ ሊስቅበት ይሰበሰባል። «አባታችን እሱ ነው» አሉኝ ሌቭ ዳኒሎቪች። «ንጉሥ የለ፣ ጳጳስ የለ፣ አንድ ባለ ቀዳዳ ካፖርት።» እንደ ዋዛ ሰምቼ አለፍኩት። ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ዙሪክ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ሆነ። ሰው አንድ እጁን እጅጌ ውስጥ ከትቶ ሌላውን ሲፈልግ አይዋሽም ይላሉ። እኔ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው እርሳስ አውጥተው ከወረቀቱ ላይ ይሰርዛሉ። ሲጨምሩ አላየሁም። «ሳል ከተሰማ ተረቱ ረዝሟል» ይሉኛል። «አንድ ሰው ካሳለ ጉንፋን ነው። ሦስት ሰው ካሳለ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አለቃዬን አስፈቅደው መብራቱንም ለእኔ አሰጡኝ። የሳቸው መብራት አንድ ነው፣ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም። ትእዛዛቸውም አንድ ነበር፦ መጨረሻ ላይ የመጨረሻው ሳቂ አፉን ሳይዘጋ እንዳታጠፋ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ አጠፋሁ። አንዲት አሮጊት በጨለማ ብቻዋን ስትስቅ ተሰማች። ሌቭ ዳኒሎቪች ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ወቀሱኝ፤ «ሴትዮዋን ጥለሃት ሄድክ» እያሉ።

ቀልዱን በቃላቸው እንደሚያውቁት ደርሼበት ኖሮ አንድ ቀን «ወረቀቱ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

ቦርሳውን ከፍተው አሮጌ ወረቀት አሳዩኝ። በየገጹ ጥግ ማኅተም አለው። ተረቱን ለእኔ እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። ከባለ ጢሙ በኋላ አንድ የትልቅ ቴአትር ተዋናይ መጣ፤ በሁለት ትያትር መካከል ወጥቶ ያለ ልብስ ለውጥ፣ በፊቱና በድምፁ ብቻ፣ ነጋዴውንም ባላገሩንም ሠረገላ ነጂውንም ሆኖ ያወራል። ቀጥሎ በየምድር ቤቱ ትንንሽ ትያትር ሲከፈት መድረክ አስተዋዋቂ የሚባል ሰው ተፈጠረ። ጥቁር ልብስ ለብሶ በዘፈንና በዘፈን መካከል ከተመልካቹ ጋር እሰጥ አገባ ይላል። አብዮቱ ሲመጣ መድረኩ የመንግሥት ሆነ። መድረክ ላይ የሚነገር እያንዳንዱ ቃል አስቀድሞ ተጽፎ ቢሮ ይገባል፣ ይታያል፣ ይታተማል። ከታተመው አንዲት ቃል ብታልፍ እንጀራህ አለቀ። ስለዚህ ቀልደኞቹ ወረቀቱን ይዘው ወጡ፤ ይኸው የታተመውን ነው የማነበው ለማለት።

«ታዲያ ምን ያስቃል?» አልኳቸው።

«ዝምታው» አሉኝ። «ማኅተሙ ያለው ቃሉ ላይ ነው። በሁለት ቃል መካከል ዝም ብል ማን ያትመዋል? ቀልዱን ሁሉ እዚያ ወሰድነው። ሰው በካሴት እየቀዳ ከቤት ቤት አዞረን፤ ካሴቱ ላይ ትልቁ ነገር ዝምታው ነበር። በኋላ ሀገሩ ፈረሰ፣ ማኅተሙም ቀረ፣ ሁሉም ተፈቀደ። ሰዉ በቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይቀልዳል፣ ዝም የሚል ጠፋ። እኔ ግን ወረቀቴን አልጣልኩም። ወረቀት ስይዝ ነው ዝም ማለት የማስታውሰው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ አላስችለኝ አለ። እኔም ወሬ እችላለሁ። ባንኮኒው ጋ ሰው ኮቱን ይዞ ቆሞ ያዳምጠኝ ነበር።

ያኔ የእኛ ሰው በምርጫው ጦስ ለሁለት ተከፍሏል። ማኅበሩ ሁለት፣ እንቁጣጣሹ ሁለት፣ ሰላምታው ግማሽ። ሁለቱም አዳራሹን በተለያየ እሑድ ይከራያሉ፣ ሁለቱም ኮታቸውን ለእኔ ነው የሚሰጡት። አንድ መስከረም ላይ ሁለቱንም ወገን ለምኜ፣ «አንድ ቀን ብቻ፣ ላስቃችሁ» ብዬ ሰበሰብኳቸው። በጠራራ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሌቭ ዳኒሎቪችም አንዲት ቃል ሳይሰሙ ሊያዩኝ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ።

ወረቀት ይዤ ወጣሁ። እንደሳቸው።

«እዚህ አዳራሽ የሁለቱንም ወገን ኮት ሰቅያለሁ» አልኩ። «ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲውሉ አይቻለሁ። አንድም ኮት ከጎረቤቱ አልተጣላም።» ዝም አልኩ። ሳቁ ከግራም ከቀኝም መጣ። ሰውነቴ ሞቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም፤ እዚያ ላይ ወረቀቴን አጥፌ መውረድ ነበረብኝ።

«አንድ ኮት ብቻ አልሰጥም አለኝ» አልኩ።

ሁሉም አወቀ። አቶ ታደለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ድሮ አስተማሪ የነበሩ፣ ከምርጫው በኋላ የመጡ ዝምተኛ ሰው። በጋ ክረምት ግራጫ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ይቀመጣሉ። አንድም ቀን ቁጥር ወስደውልኝ አያውቁም። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ነገሩ ከንክኖኝ ነበር።

«እኔ እንደምጠረጥረው» አልኩ፣ «ከኮቱ ሥር ሸሚዝ የለም!» አዝራራቸውን እንዴት እንደሚነካኩ፣ ከአንገት እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ አንገት፣ አሳየሁ። አዳራሹ ተንከተከተ።

አቶ ታደለ ተነሡ። ሳያስቡት እጃቸው ወደ አዝራሩ ሄደ። ሰዉ የጨዋታው ክፍል መስሎት ይብስ ሳቀ። በዚያ ሳቅ መካከል እስከ በሩ ሄዱ፣ ወጡ። ባለቤታቸው ንግሥት ኮቷን እንኳ ሳትወስድ ተከተለቻቸው።

ሁሉም ከሄደ በኋላ አንድ የሴት ኮት መስቀያው ላይ ቀረ። ንግሥት ተመልሳ መጥታ ቁጥሯን ባንኮኒው ላይ አኖረች። ከዚያ በፊት ጋሽ ምትኩ፣ አንተ ነበር የምትለኝ።

«ጋሽ ምትኩ፣ እርስዎ ሰውየውን ጠይቀውት ያውቃሉ?» አለችኝ። «ከሥራ ቦታው ነው የወሰዱት። ለምርጫው ታዛቢ ነበር። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልልበስ ቢላቸው አሁን ትመለሳለህ አሉት። በአንድ ሸሚዝ ስድስት ወር ሲሚንቶ ላይ ተኛ። ሲወጣ፣ ከእንግዲህ ኮቴን አውልቄ ከዓይኔ አላርቅም አለ። ይኸው ነው። ሸሚዙ አለ፣ አይስጉ።»

ኮቷን አቀበልኳት። አጣምሜ ስለያዝኩት እጅጌው ተጠመዘዘባት፤ ራሷ አስተካክላ ለብሳ ሄደች።

ሌቭ ዳኒሎቪች ከኋላዬ ቆመው ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሚትያ» አሉኝ፤ ምትኩ ማለት አይሆንላቸውም። «የያዝከው ወረቀት ምንድን ነው?»

«ቀልዴ ነዋ።»

«የእሳት አደጋ መመሪያ ነው። የሚሮጠው ሰውዬ ሥዕል አለበት፣ ከመድረኩ ሥር ሳልፍ አየሁት። ሰውየው በጭንቅላቱ ቆሟል። ገልብጠህ ነው የያዝከው።»

ኦዴሳ ያለፍኩት፣ ዙሪክ የደበቅኩት፣ ለሚስት መንገር ፈርቼ ሚስት ያላገባሁበት ነገር በአንድ የሚሮጥ ሰው ሥዕል ተጋለጠ።

«ማንበብ አትችልም» አሉኝ፣ ሲፈርዱብኝ አይደለም። «ስለዚህ አንተም የማታወልቀው ኮት አለህ። የሰውየውን ኮት መድረክ ላይ ልታስወልቀው ፈለግክ፣ የራስህን ግን እስከ አንገትህ ቆልፈሃል። ባለ ጢሙ ሽማግሌ የማንን ካፖርት ነበር የሚያሳየው?»

በእኛ ወግ ሰው ሲበደል ሽማግሌ ይላካል። ሦስት ሰው ላክሁ፣ አንዱ ቄስ። አቶ ታደለ ውኃ አጠጥተው፣ አክብረው አስተናገዱና «በአደባባይ የተወሰደ ነገር በጓዳ አይመለስም» ብለው መለሷቸው። ቄሱ ይህን ሲነግሩኝ፣ እኔም በልቤ እውነት ነው አልኩ። በአደባባይ መመለስ ግን ፈራሁ። ምክንያቱም ምን እንደሚያስከፍለኝ አውቄዋለሁ።

ሸሸሁ። ሌላ ቃል የለውም። ሌቭ ዳኒሎቪች ልጃቸው ጄኔቭ ስለምትሠራ እሷ ዘንድ ጠቅልለው ሄደው ነበር። ሻትሌን በሚባል ሰፈር ባለ አዳራሽ የመብራትና የጽዳት ሰው ሲፈለግ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ፈረንሳይኛ አልችልም፤ አምፖል በየትኛውም ቋንቋ ያው አምፖል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሌቭ ዳኒሎቪች ለሠላሳ ለአርባ ሽማግሌዎች ያነባሉ። አራት ዓመት እዚያ መብራት አበራሁ፣ ከመላው ዕድሜዬ በላይ ተማርኩ።

በቀልዶቻቸው ውስጥ ሞኙ ሁልጊዜ ራሳቸው እንደሆኑ ያየሁት እዚያ ነው። ሕንፃ አስተዳዳሪውን ሲያሙ መጨረሻ ላይ አሳንሰር ውስጥ የሚቀረቀሩት እሳቸው ናቸው። ሀኪሙን ሲያሙ ሱሪያቸውን አውልቀው የተሳሳተ ክፍል የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ውኃ ብርጭቆ ያስቀምጣሉ፣ አይጠጡትም፤ ሊጠጡ አንሥተው ሌላ ነገር ትዝ ይላቸውና ይመልሱታል፣ ሰው ብርጭቆውን አይቶ ይስቃል። ሲጨርሱ ወደ ኮት መስቀያው ሄደው ራሳቸው ለአሮጊቶቹ ኮት ያለብሳሉ። ሲያለብሷቸው የሚሉትን ሁሉ ይሰማሉ፣ ከዚያ እርሳስ ያወጣሉ።

አንድ ሐሙስ መሰላል ላይ ሆኜ አምፖል ስቀይር ከታች ጠሩኝ።

«ሚትያ፣ ዙሪክ ላለ ሰው ከጄኔቭ ይቅርታ አይደርሰውም።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔ ምን የሚያስቅ ነገር አለኝ?»

«የምታፍርበትን ንገራቸው። መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። ከመሰላሉ ሳትወርድ።»

መሰላሉ ላይ ሆኜ፣ የተቃጠለ አምፖል በእጄ ይዤ፣ አልትሽቴተን የኖርኩበትን ሕንፃ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነገር ነገርኳቸው። ስጨርስ «ሳቅ አለበት» አሉኝ፣ ጥርሳቸው ሳይታይ። «ሁለት ሦስተኛውን ጣለው።»

ወደ ኦርሊኮን ተመለስኩ። ፍራው ኬለር ቦታዬን ሰጠችኝ። በሄድኩበት ዘመን የእኛ ሰው ትንሽ በረድ ብሏል፤ ልጆች ስለወለዱ የልደት በዓል አንድ ላይ ያደርጋሉ። በቄሱ በኩል ለአቶ ታደለ አንድ ቃል ላክሁ፦ የወሰድኩትን በወሰድኩበት ቦታ ልመልስ ነው፣ መምጣት አለመምጣት የእርስዎ ነው።

ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሌቭ ዳኒሎቪች ከጄኔቭ በባቡር መጥተው ያው የኋላው ወንበር ላይ ናቸው። አቶ ታደለ አልታዩኝም። ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ሰዉ ያለፈውን ስላልረሳ በጥርጣሬ ያየኛል።

«ይህ ወረቀት» አልኩ፣ «የመብራት ደረሰኝ ይሁን የጋብቻ ጥያቄ እኔ አላውቅም።» ዝም አልኩ። «ማንበብ አልችልም።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው አሳለ። አንድ ነው፣ ጉንፋን ነው ብዬ ቀጠልኩ።

«አልትሽቴተን ስኖር ሕንፃችን ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ተከራይ ቀን አለው፣ ቀኑ በር ላይ ተለጥፏል። ለእኔ የተለጠፈ ወረቀት ጌጥ ነው። በፈለግኩ ቀን እወርዳለሁ፣ አጥባለሁ። አንድ ማክሰኞ በቤቴ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የጎረቤቴ የፍራው ቮግት ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል፣ በቀይ። እኔ ምን አልኩ? ይቺ ሴትዮ እንዴት ጥሩ ሰው ናት! በቀይ ጽፋ እንኳን አደረሰህ አለችኝ።»

ሳቁ መጀመሪያ ሴቶቹ ጋ ተነሣ።

«ወረቀቷን ከማርያም ሥዕል ሥር ለጠፍኳት። ለመልሱ ብርቱካን ገዝቼ በሯ ላይ አኖርኩ። በሳምንቱ ሌላ ወረቀት፣ አሁን ሦስት መስመር! እኔም ሁለት ኪሎ ብርቱካን። ሴትዮዋ ስትቆጣ፣ እኔ ስመርቅ፣ ግድግዳዬ ሞላ። በመጨረሻ ከሕንፃው አስተዳደር ማኅተም ያለበት መጣ። ይህንንስ በመስታወት አሠራሁት። ልክ በልኩ ሰቅዬ ከሥሩ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ፣ ለእናቴም ላክሁላት። ከዚህ ቤት ውጣ በሚል ደብዳቤ ሥር ለሀገሬ ሰው ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ።»

ያን ጊዜ ያዘ። ከግራ ከቀኝ አይደለም፣ ከሥር ነው የመጣው። ሳቁ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ይህን ነገር ከሰው ስደብቅ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ» አልኩ። «የራሴን ደብቄ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ የሌላ ሰው ኮት ላይ አሳቅኳችሁ። ያ ሰው ኮቱን የማያወልቅበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ የራሱ ነው። ሳቁ ግን የእኔ ጥፋት ነበር። አቶ ታደለ ካሉ ይቅርታ፣ ከሌሉም ይቅርታ።»

መብራቱን የያዘው ልጅ አላጠፋውም፤ አስጠንቅቄው ነበር። ከበሩ በኩል፣ ከጨለማው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ተሰማ። ግራጫ ካፖርት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሩ ጋ ቆመው ኖሯል።

ወርጄ ባንኮኒዬ ጋ ሄድኩ፣ ሥራ ሥራ ነው። ኮት ስሰጥ፣ ስሰጥ፣ ሰልፉ ሲያልቅ አቶ ታደለ ፊቴ ቆሙ።

«ቁጥር ይስጡኝ» አሉኝ።

«ኮቱስ?»

«ኮቱ እኔ ጋ ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ።»

ከመስቀያው አርባ አንድን አንሥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ምን ተጽፎበታል?» አሉኝ።

«አርባ አንድ።»

«በምን አወቁ?»

«ከአርባ ቀጥሎ ስለተሰቀለ።»

ሳቁ። አስተማሪ ሳቅ ነው፣ ልጅ ሞኝ መልስ ሲሰጥ የሚስቁት። «ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ የለኝም» አሉ። «ቤታችን ይመጣሉ። ደብተር ይዘው ይምጡ። ብርቱካን አያምጡ።»

ሌቭ ዳኒሎቪች ከኋላ ቀርበው ሰውየው መሄዳቸውን ካዩ በኋላ «አንዲት ቃል አልገባኝም» አሉኝ። «ሦስተኛው ሳቅ ላይ ግን ቸኩለሃል።»

እንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሄድኩ። ሀ ሁን የቆጠርኩት በዚህ ዕድሜ፣ ካፖርት በለበሰ ሰው ፊት ነው። ንግሥት ሻይ ስታቀርብ እንደገና አንተ ትለኛለች። ጨ እና ጠን ሳምታታ አቶ ታደለ በእርሳስ እጄን መታ ያደርጉኛል። ማሞቂያው ሲግል አንድ አዝራር ይፈታሉ፤ አንዱን፣ የላይኛውን። እኔ አላየሁም። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ መድረክ ወጥቻለሁ፣ ወረቀቴን ይዤ፤ አሁን የያዝኩትን አነበዋለሁ። ሌቭ ዳኒሎቪች አርጅተው ከጄኔቭ አይወጡም። በስልክ ሳቁን አሰማቸዋለሁ፣ የት ላይ መቁረጥ እንዳለብኝ ይነግሩኛል።

ፍራው ኬለር «አርባ አንድ የት ሄደ?» ስትለኝ «ሰው ጋ ነው፣ ኮቱን ገና አላስረከበም» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ መዝገቡን ስባ ከአርባ አንድ ጎን በጀርመንኛ የሆነ ነገር ጻፈች። የላቲኑ ፊደል ገና ያታግለኛል፤ መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን ከሥሩ አድርጌ፣ አንድ በአንድ ሄድኩበት። «በሥራ ላይ» ይላል። ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩት።